ምንጣፉና ሜዳው፦ ዮጋና ቴኒስ ላይ የተጻፈ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ቴኒስ የሚጫወት ሰው ዮጋ መሥራት አለበት።» ዮጋ ከህንድ የመጣ፣ ምንጣፍ ላይ በተለያየ አቋቋምና በትንፋሽ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። ደጋፊዋ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ቴኒስ ተጫውታ አሁን ዮጋ የምታስተምር ሴት ናት። ተቃዋሚው እዚያው አዲስ አበባ ልጆችን ማሠልጠን ከጀመሩ 30 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ የቴኒስ አሰልጣኝ ናቸው። በክርክሩ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ

ወደ ዮጋ የሄድኩት ወገቤን ሲያመኝ ነው። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) በመታሁ ቁጥር ወገቤን በግራ በኩል ውግት ያደርገኛል። ጫማዬን ለማሰር እንኳ መቀመጥ ነበረብኝ።

ቴኒስ ሰውነትን ወደ አንድ ጎን የሚያጣምም ጨዋታ ነው። አንዱ እጅ ሺህ ጊዜ ይመታል፤ ሌላው ኳስ ወደ ላይ ይወረውራል፣ በቃ። የሚመታው ትከሻ ከፊት ይወጠራል፣ ከኋላ ይደክማል። ወደ ውስጥ የመዞር አቅሙም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ዳሌም ይደርቃል። ዳሌ አልዞርም ሲል ደግሞ ዙሩን ወገብ ይሸከመዋል። የእኔም ሕመም ምክንያቱ ይኸው ነበር።

ዮጋ በቀኝ የሠራኸውን በግራም ያስደግምሃል። የመጀመሪያው ቀን መምህሯ በአንድ እግር አቆመችን። በግራ እግሬ ግማሽ ደቂቃ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። በቀኜ ግን አምስት ሰከንድ አልሞላሁም። ለካ ቀኝ እጅ ስለሆንኩ ሰርቭ መትቼ ሁልጊዜ የማርፈው በግራ እግሬ ነው። አሥር ዓመት ስጫወት አንድ እግሬ እየደከመ እንደሆነ አላወቅኩም።

ወደ አእምሮው እንምጣ። በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ጊዜ 25 ሰከንድ ነው። ተጫዋቾች የሜዳ ጎን ሲቀያየሩ 90 ሰከንድ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማንም አሰልጣኝ አላስተማረኝም። 5 ለ4 እየመራሁ ሴቱን (የግጥሚያውን አንድ ምዕራፍ) ለመጨረስ ኳሱን ስይዝ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይቆማል። እጄ ይከብዳል። ከዚያ ደብል ፎልት፤ ሁለቱም ሰርቭ ይበላሻል። ዮጋ አየር በአራት ቆጥሬ እንዳስገባ፣ በስድስት ቆጥሬ እንዳስወጣ አስተማረኝ። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ማስወጣቱ ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። ይህ እምነት አይደለም፤ ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።

የሰርቢያውን ቴኒስ ተጫዋች ኖቫክ ጆኮቪችን ተመልከቱ። በ2012 ሜልቦርን ላይ ከራፋኤል ናዳል ጋር ለፍጻሜ 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተጫወተ። ሽልማቱ ሲሰጥ ሁለቱም መቆም አቅቷቸው ወንበር መጣላቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያሸነፈው እሱ ነው። እግሩን ከፍቶ መሬት እስኪነካ ተንሸራቶ ኳስ ይመልሳል፤ ወዲያው ተነስቶ ይሮጣል። ጆኮቪችን ጆኮቪች ያደረገው ዮጋ ነው።

ተቃዋሚው

«ጆኮቪችን ጆኮቪች ያደረገው ዮጋ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ወላጅ ያነበዋል። ነገ ልጁን ከሜዳ አስወጥቶ ምንጣፍ ይገዛለታል።

ጆኮቪችን ገና በ6 ዓመቱ ኮፓኦኒክ ተራራ ላይ ያገኙት አሰልጣኝ ዬሌና ጌንቺች ናቸው። ራኬት አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በ12 ዓመቱ ሙኒክ ሄዶ ኒኪ ፒሊች ዘንድ ገባ። እዚያ ጠዋትም ማታም ኳስ መታ። የዚህ ሁሉ ሰው ድካም በአንድ መስመር ተሰረዘ ማለት ነው?

ናዳል 22 ግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) አለው። 14ቱን ያገኘው ፓሪስ ነው። ሮጀር ፌዴረር 20 አለው። የእሱን ሰውነት ለረጅም ዓመት ያዘጋጁት ፒየር ፓጋኒኒ ናቸው። ሥራቸው ሩጫ፣ ዝላይና የእግር ቅልጥፍና ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም ከዮጋ ጋር ሲነሳ አልሰማሁም። አንዲ ሙሬይ የሚባለው ተጫዋች ግን ዮጋ ሠርቷል። ቢክራም የሚባለውን፣ 40 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ 26 አቋቋም የሚሠራበትን። በ2018 ዳሌው ኦፕሬሽን ተደረገ። በ2019 ብረት ገባለት።

መረጋጋትስ? በ2020 ኒውዮርክ ላይ ጆኮቪች ተናዶ ኳስ መታ፤ ኳሱ የመስመር ዳኛዋን ጉሮሮ መታ። ከውድድሩ ተባረረ። በ2023 የዊምብልደን (የለንደኑ ታላቅ ውድድር) ፍጻሜ ራኬቱን ከመረቡ ምሰሶ ጋር አጋጭቶ ሰባበረው። በካርሎስ አልካራዝም ተሸነፈ። በአራት ቆጥሮ ማስገባት፣ በስድስት ማስወጣት ያን ቀን የት ሄደ?

ሰው ተወልዶ መጀመሪያ የሚያውቀው መተንፈስን ነው። ማንም አያስተምረውም። የልጅ አእምሮ የሚሠለጥነው ሜዳ ላይ ነው፤ ያውም በመሸነፍ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ጎበዝ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ዮጋ ሠርቶ በቀጥታ ወደ ግጥሚያ መጣ። ዳሌውንና የጭኑን ጀርባ ለረጅም ጊዜ ሲያሳሳብ ነበር። አጭር ኳስ ሲመጣበት የመጀመሪያው እርምጃ አልወጣለትም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ተስቦ የቆየ ጡንቻ ወዲያው ፍንጥር በል ሲባል ጉልበቱ ይቀንሳል። ለእኔ የባሰው ግን ወገብ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሰርቭ ሲመታ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይዞራል። የታችኛው አከርካሪ አጥንት በዚህ ዕድሜ እየተሰነጠቀ ስንት ልጅ ከሜዳ ወጥቷል። አንቺ ደግሞ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ እጠፈው ትይኛለሽ።

ደጋፊዋ

ጋሼ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም። 36 ዓመቴ ነው። ልጆቹን ወደ ኋላ ይለጥጧቸው ያልኩበት ቦታም የለም። ያልጻፍኩትን አያንብቡልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የሆነው ጥፋት የሰዓት ጥፋት ነው። ከግጥሚያ በፊት ረጅም ማሳሳብ የለም። እግር እያወዛወዙ፣ ትከሻ እያዞሩ፣ እየዘለሉ ማሟሟቅ ነው። ዮጋው ማታ ነው፤ ወይም የዕረፍት ቀን። ልጁን ያስተማረው ሰው ይህን ካልነገረው ወቀሳው ለአስተማሪው ነው። ሙሬይም ያለቀው በሜዳ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ሩጫ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ አይደለም።

«መተንፈስን ማንም አያስተምርም» አሉ። መሮጥንስ ማን አስተማረ? ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሮጣል። ታዲያ እርስዎ በየሳምንቱ በኮን (መሬት ላይ በሚደረደረው ሾጣጣ ምልክት) መካከል ለምን ያሯሩጧቸዋል? የቴኒስ ሩጫ ሌላ ስለሆነ ነው። የቴኒስ ትንፋሽም ሌላ ነው። ይቺን መስመር እንዲያስቡባት እለምንዎታለሁ።

ያለንበትን ቦታም አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ለብቻው የተሠራ ኳስ አለው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ኳሱ ይፈጥናል። ለኳሱ ከታሰበ ለልጁ ሳንባ የማይታሰበው ለምንድን ነው? ከረጅም ቅብብል በኋላ አጠገባቸው ቆመው ይዩአቸው። አፋቸው ተከፍቶ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚተነፍሱት። ሆዳቸው አይነቃነቅም። ያ ትንፋሽ ጉሮሮ አካባቢ ቀርቶ ይመለሳል። ልጁ 25 ሰከንዱ ሳያልቅ ቸኩሎ ሰርቭ ይመታል፤ ኳሱ መረብ ላይ።

የ1975 የዊምብልደን ፍጻሜን ፎቶ ያውቁታል። አርተር አሽ ከጂሚ ኮነርስ ጋር ሲጫወት የሜዳ ጎን በተቀያየሩ ቁጥር ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር። ኮነርስ የዓለም አንደኛ ነበር፣ ማንም ያሸንፋል ያለው እሱን ነው። አሽ በ31 ዓመቱ አሸነፈው። በመሸነፍ ብቻ የሠለጠነ አእምሮ እንደዚያ አይቀመጥም።

ስለ ትከሻው ደግሞ ምንም አላሉም። በአንድ ጎን ስለሚደርቀው ሰውነት ምን ይሠራሉ?

ተቃዋሚው

እህቴ እንበል እንግዲህ። ልጄ ያልኩሽ ለንቀት አልነበረም። እኛ አገር ሰው ሲወደድ ነው እንደዚያ የሚባለው። ቅር ካለሽ ተመልሷል።

እኔም ግን ቅር ብሎኛል። «ማንም አሰልጣኝ አላስተማረኝም» ብለሽ ጻፍሽ። ያ አሰልጣኝ እኔ አይደለሁም። ሆኖም 30 ዓመት ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ይሰማዋል። ኳስ አልቆ በእጄ ፀጉሩ የተላጠ ኳስ ስወረውር የኖርኩ ሰው ነኝ።

የ2020ውን ዝም ብለሽ አልፈሻል። ዓረፍተ ነገርሽ ላይም አልተመለስሽም። አሽም ቢሆን ዓይኑን ጨፈነ እንጂ ዮጋ ሠራ አላልሽም። ዓይን መጨፈን የህንድ ነው? እናቶቻችን ሲጨንቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እፎይ ይላሉ። ዮጋ ብሎ የጠራው የለም።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር ልግባ። እኔ 16 ልጆች አሉኝ። አንድ ሜዳ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚህ ላይ ለምንጣፍ ደቂቃ ስጥ ስትይኝ ከልጅ እጅ ኳስ ቀማ እያልሽኝ ነው። ፎርሃንዱ (በመዳፉ በኩል የሚመታው ምት) ያልጸና ልጅ ነፍሱ ቢረጋጋ ምን ይጠቅመዋል? ተረጋግቶ ወደ ውጭ ይመታዋል። እናቶችም ይጠይቁኛል። አንዷ በቅርቡ ወደ ጎን ወስደው «ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ለእሳቸው ምን ልመልስ? እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም፣ የቴኒስ አሰልጣኝ ነኝ።

ደጋፊዋ

16 ልጅ፣ አንድ ሜዳ። ይህን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚገቡት አራት ናቸው። 12ቱ የት ናቸው? እኔም እንደነሱ ሆኜ ስላደግኩ አውቀዋለሁ። አጥር ዳር ናቸው። ራኬታቸው ላይ ተቀምጠው ሽቦውን ይነቅላሉ፣ ወይም ስልክ ያያሉ። ላብ ይደርቅባቸዋል። ከዚያ ስማቸው ሲጠራ ቀዝቃዛ ሰውነት ይዘው ይገባሉ። እኔ ከኳስ ላይ ደቂቃ አልጠየቅኩም። የምጠይቀው የአጥር ዳሩን ደቂቃ ነው። ግድግዳ ላይ ተደግፎ ትከሻ መክፈት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር፣ ሆድ ላይ እጅ አድርጎ መተንፈስ። ምንጣፍም አያስፈልግም።

ለእናትየዋ የሚመልሱትን እኔ ልንገርዎት። ዝማሬ የለም። የሚሰገድለት ነገር የለም። የአቋቋሞቹን ስም እንኳ በአማርኛ ነው የምናገረው። ስሙ ካስፈራ «ሰውነት ማፍታታትና ትንፋሽ» ይበሉት። ለስሙ አልጣላም።

ተቃዋሚው

ይኸውና።

ክርክሩ የተጀመረው «ዮጋ መሥራት አለበት» ተብሎ ነው። ምንጣፉን አነሳሽ። ስሙን አነሳሽ። ወደ ኋላ መታጠፉን አልጻፍኩም አልሽ። የቀረው አጥር ዳር ቆሞ ሰውነት ማፍታታት ነው። እሱንማ እኛ ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስንሠራው ነው ያደግነው፤ መምህሩ «አንድ፣ ሁለት» እያለ። እህቴ፣ ይህ ዮጋ ከሆነ እኔም ዮጊ (የዮጋ ሰው) ነኝ። ካልሆነ ደግሞ የምትከራከሪው ከማን ጋር ነው?

12ቱን ልጆች በተመለከተ ልክ ነሽ። ይህን አልክድም። እኔም ያሳስበኛል። መፍትሔው ግን ሁለተኛ ሜዳ ነው።

ያቺን የጆኮቪች መስመር ሰርዣት። ከዚያ የቀረውን ተቀምጠን እንነጋገራለን።

ደጋፊዋ

ሁለተኛ ሜዳ እስኪመጣ ስንት ልጅ አጥር ዳር ያድጋል? እኔ ስጫወት ጀምሮ ሁለተኛ ሜዳ ይመጣል ሲባል እሰማለሁ።

«አንድ፣ ሁለት» እየተባለ የሠራነውን አስታውሳለሁ። ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምንሠራው። ለመጨረስ ነበር የምንሠራው። ዮጋ ከዚያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ አቋቋም ውስጥ ገብተሽ ጭንሽ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሽሽን ሳታቋርጪ ትቆያለሽ። መውጣት እያማረሽ አትወጪም። 5 ለ4 ላይ ሰርቭ ስይዝ ያለው ስሜት ቁርጥ ያ ነው። ሌላ የትም ቦታ አላገኘሁትም፤ በኮን መካከል ሩጫም፣ በመሸነፍም። ስሙን የተውኩት እናትየዋን አክብሬ ነው። ሥራውን አልተውኩም። ያከበርኩበትን ነገር እንደ መሸነፍ መቁጠርዎ አሳዝኖኛል።

የ2020ውን አልፈሻል ላሉት፣ አዎ ጆኮቪች ተናዶ ነበር፣ ጥፋቱም የእሱ ነው። ግን ይህንንም ይቁጠሩ። በ2024 ሰኔ ላይ ፓሪስ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ሚኒስከሱ (የጉልበቱ ልም አጥንት) ኦፕሬሽን ተደረገ። በሐምሌ የዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ነበር። በዚያው ክረምት በ37 ዓመቱ እዚያው ፓሪስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በዚህ ዕድሜ እንደዚያ የሚታጠፍና የሚመለስ ሰውነት በኳስ ብቻ አይሠራም።

መስመሩን አልሰርዝም። ስለ ትከሻው አሁንም አልመለሱልኝም።