የሐረጎ ኩርባና አክስቴ

ደሴ ውስጥ ሞተር ልገዛ ነው ብለህ ጮክ ብለህ እንዳትናገር። እኔ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አመለጠኝና ይኸው እስካሁን እየተመከርኩ ነው። የሚገርመው ከመካሪዎቼ መሃል ሞተር ያለው አንድም ሰው የለም፣ አንዱ ባጃጅ ነበረው እሱም ሸጦታል፣ ግን የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሞተር እንዴት እንደሚወረድ የማያውቅ የለም።

ቤቴ ደሴ ስራዬ ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች ጠዋት ጉም ውስጥ ጃኬት ቆልፈህ ትወጣና እታች ስትደርስ ጃኬቱን የምታደርግበት ይጠፋሃል። መሃል ላይ ያለው ሐረጎ ደግሞ እንደ አገሬ ሽማግሌ ነው፣ ወደ ነገሩ ቀጥ ብሎ አይገባም። መንገዱን በወረራው ጊዜ የጠረገው ጣሊያን ነው፣ ሲሄድ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ፎሌ የሚሉ ቃላት ትቶልን ሄደ፣ እንደሚያስፈልጉን አውቆ መሰለኝ።

አንዱ "አፓቺ ግዛ ያምርብሃል" ይላል፣ ሌላው "ቦክሰር፣ መለዋወጫው የትም አለ" ይላል፣ ሶስተኛው 200 ሲሲ ካልሆነ ዳገቱን ገፍተህ ነው የምትወጣው ብሎ ወላሂ እያለ ይምላል። እሱስ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል፣ በተለይ ካርቡሬተር ያለው ደሴ ላይ እንደ አስም በሽተኛ ነው። ግን ሁሉም ስለ መውጣት እንጂ ስለ መቆም አያወራም።

ስለ መቆም ያወራኝ አንድ መካኒክ ብቻ ነው። ሲሲም ቀለምም አልጠየቀኝም፣ በዘይት የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተህ በፎሌ ትወርዳለህ?" አለኝ። ቤንዚን ለመቆጠብ አልኩት። "ቤንዚኑ ይተርፋል አንተ ግን አትተርፍም" አለና አስረዳኝ፣ በሁለተኛ ወይ በሶስተኛ ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፣ ፍሬን ብቻ ረግጠህ ከወረድክ ግን የፍሬኑ ታምቡር ይግልና ብትረግጠውም አይሰማህም፣ ስለዚህ ከፊት ዲስክ ያለው ቀለል ያለ ሞተር ፈልግ፣ ፍጥነትህን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ቀንስ፣ ዓይንህን መውጫው ላይ አድርግ። "ዓይንህ ወዳየበት ነው የምትሄደው። ሲኖ ካየህ ሲኖ ውስጥ ነህ።"

ያገለገለ 150 ሲሲ ከፊት ዲስክ ያለው ገዛሁ። መካሪዎቼ በሙሉ አኮረፉ።

በሳምንቱ አክስቴ ኮምቦልቻ ለቅሶ አለብኝ አድርሰኝ አለች። ሄልሜት ስሰጣት "ለለቅሶ ሻሽ አስሬ ድስት ልድፋ?" ብላ ቆጣ አለች፣ ካላደረግሽ አላስነሳም ስላት ከሻሿ በላይ ደፋችውና በጎን ካልተቀመጥኩ ብላ ሌላ ክርክር፣ በስንት ልመና አንፈራጣ ተቀመጠች፣ ሰው እንዳያያት ደግሞ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ሰላም ነበርን። ከዛ እኔ ሞተሯን ወደ ግራ ሳጋድም እሷ ለሁለታችንም አስባ ወደ ቀኝ ተጋደመች፣ ሞተሯም የማንን ትስማ፣ እንደተገተረች ወደ መንገዱ ጠርዝ መሄድ ጀመረች።

"አክስቴ፣ ትከሻዬን ይዘሽ አብረሽኝ አጋድሚ!"

"አንተ ስትወድቅ አብሬህ ልውደቅ?"

እያንዳንዷን ኩርባ እንደዚህ እየተሟገትን ወረድን። ከኋላችን የነበረ ሲኖ እንኳን ክላክስ አላደረገም፣ ያዘነልን መሰለኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ወረደች፣ ሄልሜቱን አውልቃ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ሰጠችኝና ሞተሯን ዞር ብላ አየቻት።

"ሞተሩስ ማሻአላህ ደህና ነው። ስመለስ በሚኒባስ ነኝ፣ አንተ ግን ከኋላ ከኋላ ተከተል፣ ሹፌሩ የሚያበር ከሆነ ወርጄ ካንተ ጋር ነኝ።"