የጥሪ ዝርዝሩ በሌላ በር ይወጣል
ይህን የምጽፈው ላነበብኩት አንድ ጽሑፍ መልስ ነው፤ ጽሑፉ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አማቡንጋኔ በተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ማዕከል ጉዳይ የሰጠው ፍርድ የጋዜጠኞችን የስልክ ጠለፋ ችግር እንደፈታ አድርጎ አቅርቦታል። ፍርዱ ትልቅ ነው፤ አልክድም። ፈቃድ ጠያቂው አካል የሚጠለፈው ሰው ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ከሆነ ለዳኛው እንዲገልጽ፣ ፈቃዱ ካበቃ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ ለተጠለፈው ሰው እንዲያሳውቅ ፍርዱ አዟል። የማዕከሉ ጋዜጠኛ ሳም ሶል እኮ መጠለፉን በማስረጃ ያወቀው የስልክ ንግግሩ ግልባጭ ከሌላ ክርክር መዝገብ ጋር ተያይዞ ስለወጣ ነው!

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሪካ በተባለው የስልክና የመልእክት ጠለፋን በሚገዛው ሕግ ለሚሰጥ ፈቃድ ነው። ፖሊስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 205 ይዞ ከታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ትእዛዝ ካገኘ፣ ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ እንደደወለ የሚያሳየውን ዝርዝር ከስልክ ኩባንያው ይወስዳል። የዜና ምንጭን ለመለየት ንግግሩን መስማት አያስፈልግም። ዘገባው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ቀናት ሌሊት ሦስት አራቴ የተደወለበት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ሲም ካርዱ በስምና በአድራሻ የተመዘገበ ስለሆነ ቁጥሩ ወዲያው ሰው ይሆናል። የማሳወቅ ግዴታው አንቀጽ 205ንም መሸፈን አለበት። እስከዚያው ምንጩን የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ግንኙነት በስልክ ያላደረገ ዘጋቢ ነው።