ዱለቴን የበላው ፌስታል

ለፋሲካ ደህና የመንዝ ሙክት ገዛሁ። ላቱ ብቻውን ያኮራል። ደብረ ብርሃን በዚያ ብርድ ሌሊት ተነስቼ አሳረድኩ። አራጁ ጨጓራውን ቀደደና ዝም አለ። ከዚያ "ቲቸር፣ ይቺን ይዩልኝ" አለ።

ቡጢ የሚያህል የፌስታል ድቡልቡል። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ እርስ በርሱ ተጠማዟል። የአንዱ ማንጠልጠያ ቋጠሮ እንኳ አልተፈታም! ባለቤቴ አንዴ አየችና "ዱለት የሚባል እንዳትጠሩብኝ" ብላ ገባች።

እኔን የሚያበግነኝ ደግሞ ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔ ነው። ይሄንኑ ጉድ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምራለሁ።

የፌስታል መነሻው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው፤ ሁለት ካርቦኖቹ በድርብ ቦንድ፣ ማለትም በሁለት ማሰሪያ፣ ተያይዘዋል። ትንሽ ፐርኦክሳይድ፣ ማለትም ሁለት ኦክስጅኖች የተያያዙበት ውህድ፣ ጣል ይደረግበታል። ሲሞቅ ሁለቱን ኦክስጅኖች የያዘው ደካማ ቦንድ እኩል ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። ነፃ ራዲካል ማለት እሱ ነው። ጥንድ ካላገኘ አያርፍም። የኤትሊኑን ድርብ ቦንድ ከፍቶ ይለጠፋል፤ ግን ብቸኝነቱ አልቀረም፣ ወደ አዲሱ ጫፍ ዞረ እንጂ። ያኛውም ሌላ ኤትሊን ይይዛል። እንዲህ እያለ በሺዎች ይሰናሰላል፣ ሁለት ጫፎች ተገናኝተው ኤሌክትሮናቸውን እስኪያጣምሩ ድረስ። አንዳንዱ ጫፍማ ወደ ኋላ ታጥፎ ከራሱ ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ እዚያ ቅርንጫፍ ይበቅላል። የለስላሳው ፌስታል ልስላሴ ከዚህ ነው።

በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ፋውሴትና ጊብሰን የሚባሉ ኬሚስቶች ሌላ ነገር ሲሞክሩ ነው ይሄንን ፕላስቲክ፣ ሰም መሳይ ነጭ ነገር ሆኖ፣ ያገኙት። ሳይፈልጉት! እኛም ሳንፈልገው በየአጥሩ ተሰቅሎልናል።

ሰንሰለቱ አንዴ ከተሠራ በኋላ ያ ድርብ ቦንድ የለም። የቀረው ካርቦን ከካርቦን በነጠላ ቦንድ ተያይዞ ነው፤ ገለባ የሚያላምጠው የበግ ጨጓራ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ይኸው ቋጠሮው እንዳለ ወጣ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ስስ ፌስታል ፈቃድ አይሰጥም ይል ነበር። ታዲያ በጌ የበላው ከየት መጣ?

ቅዳሜ ዘንቢል ይዤ ገበያ ወጣሁ። ድንች ሻጯ መዝና ፌስታል አነሳች።

"ዘንቢል አለኝ፣ እናቴ።"

"ኧረ ልጄ፣ ነፃ ነው" አለችና፣ እንዳይቀደድ ብላ ሁለት ደርባ ቋጠረችልኝ።