ውዳሴ ባዶ መዳፍ

በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ባለበት ሰዓት፣ ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ባዶ እጁን ሞተር የሚያከንፍ ጎበዝ ካያችሁ ቆማችሁ እጅ ንሱ። ጓንት የፈሪ ነው። ጀግና ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጣቶቹን ለብርድ መርቆ ይሄዳል። አያቶቹ ጋሻና ጦር ይዘው የወጡትን ዳገት እሱ ጓንት አጥልቆ ቢወጣው አገር ምን ይላል?

ብርዱም ቢሆን እንደሚወራበት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትቀመጥ፣ ማለዳው 5 ዲግሪ ቢሆን፣ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ጋቢ ይበቃዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ነፋሱ ያንኑ 5 ዲግሪ ገላው ላይ ሲደርስ ከዜሮ በታች 2 ያደርግለታል፤ ዜሮ በገባ ዕለት ደግሞ ከዜሮ በታች 9። ውጤቱ ቀላል ነው፤ ጣት ይደነዝዛል፣ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ይላል፣ የፊት ፍሬን የሚጨብጠው ቀኝ እጅ ትእዛዙን ዘግየት ብሎ ይፈጽማል። አንድ ሴኮንድ ብትሆን ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሆናል፤ መንገድ መሀል የቆመችው አህያ 17 ሜትር ፈቀቅ ብላ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?

ደግሞ ጀግናችን መላ አያጣም። ዳር ይዞ ይቆምና ሁለት መዳፉን ከትኩሱ የሞተሩ ሲሊንደር ላይ ይደቅናል። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን ስለማያውቅ ሕመም የሚባል ነገር የለም። ቆዳው የሚያብጠው ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ያ የቤት ጉዳይ ነው።

የባዶ መዳፍ ክብር ሙሉ ሆኖ የሚገለጠው ግን አስፋልት ላይ ነው። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። የሠለጠነ ፈሪ የሚያጠልቀው ጓንት መዳፉ ሥር፣ ወደ እጅ አንጓ በሚጠጋው ሥጋማ ቦታ ላይ፣ ጠንካራና ልሙጥ ቁራጭ ፕላስቲክ ይሰፋበታል። ሥራው እጁ መሬት ይዞ እንዳይቀር ማንሸራተት ነው። እጅ መሬት ቆንጥጦ ሲቀር ገላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ክብደት ከአውራ ጣት ሥር ባለች አንዲት ትንሽ አጥንት ላይ ያርፋል። ይህች አጥንት ደም በደንብ ስለማይደርሳት ቶሎ አትድንም፤ ስንጥቋም በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ወጌሻ አለልን። «ወለምታ ናት» ይላል፣ በቅቤ ያሻል፣ ሳብ ያደርጋል። አጥንቷ ሳትገጥም ትከርማለች። ከዚያ ወዲያ ጋዝ መስጠት ቀርቶ እንጀራ መቁረስ ቢያም ግራ እጅ አለ፤ ነውር መሆኑ ነው እንጂ።

ከሹራብ ጓንት ባለቤቶች ጋርም አንጣላም። ቡና ቤት በር ላይ ቆመው ሲያዩት ይሞቃል። ሞተር ላይ ሲወጡ ነፋሱ በየቀዳዳው ይገባል፣ የመሪው እጀታ ላይ ያሟልጫል። ሲወድቁ ደግሞ ክሩ ጠጠር እንደያዘው ወዲያው ይተረተራል። ርካሹ ሹራብ የሱፍ ሳይሆን የፕላስቲክ ክር ነው፤ በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጥና ቁስሉ ውስጥ ይጣበቃል፣ ነርሷ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ይህን የተረዳ ብልህ ከላዩ ፌስታል ይደርባል። ፌስታል ነፋስ አያስገባም፤ ላብም አያስወጣም። ትንሽ እንደተነዳ እጁ ከውስጥ ይርሳል፣ እርጥብ እጅ ደግሞ ከደረቅ እጅ በላይ ይበርደዋል። ጣቱ የተቆረጠውን ጓንት ስለሚያጠልቀው አርቲስት ብዙ አልልም። መዳፉን ሸፍኖ ጣቶቹን ለጠጠሩ ትቷል፤ ለጋስ ሰው ነው።

ለነገሩ ጓንት የሚሆን ቆዳ አጥተን አይደለም። የሰላሌ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ በራሱ ስም የሚጠራ፣ ልስላሴውና ጥንካሬው ለጓንት የሚፈለግ ቆዳ ነው። እኛ ግን ለሰው አገር እጅ አዛኞች ነንና የኛን እጅ ወደ ኋላ ብለናል፤ በፋሲካ ማግስት አጥር ሥር የተጣለውን ቆዳ ውሻ ይጎትተዋል። ሞተር ላይ፣ በሙያ ካየነው፣ ስስ የበግ ቆዳ ብቻውን አይበቃም፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፍየል ወይም የበሬ ቆዳ ይሻላል፣ መዳፉም ድርብ ቢሆን።

አሁን ወደ ገበያ። የኛ ሰው ጓንት ሲመርጥ ያለውን ጥንቃቄ ማድነቅ ይገባል። መጀመሪያ ቀለሙ ከሞተሩ ታንከር ጋር መሄድ አለበት። ቀጥሎ በቡጢ የምንመታበት አጥንት ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ መኖር አለበት። ፕላስቲኩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ከሥሩ ስፖንጅ መኖር አለመኖሩን የሚያይ ሰው ነገረኛ ነው። ስፖንጅ ከሌለው ምቱ በቀጥታ ወደ አጥንት ይሄዳል፤ ቢሆንም ያብረቀርቃል። ጓንቱን ገልብጦ ስፌቱ አንድ መስመር ይሁን ድርብ የሚመረምር፣ የተቆረጠውን ጠርዝ አይቶ ቆዳ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ነው የሚል፣ ባለ ሱቁን ያስቀይማል።

ከውስጥ የተሰፋችውን ነጭ ጨርቅ ደግሞ ስለምትኮሰኩስ ገና በር ላይ በምላጭ ቆርጦ ይጥላታል። ምናልባት የሞተረኛ ሥዕል፣ ኢኤን 13594 የሚል የአውሮፓ ደረጃ፣ ከሥሩም 1 ወይም 2 የሚል ቁጥር ነበረባት። 1 ማለት መዳፉ በፍተሻ ማሽን ሲፈተግ 4 ሴኮንድ ሳይበሳ የቆየ፣ 2 ማለት 8 ሴኮንድ የቆየ ነው። «4 ሴኮንድ ምን ያህል ነው?» ትሉ ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የወደቀ ሰው አስፋልት ላይ የሚንሸራተተው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያህል ነው። 1 ቁጥር ጓንት ላይ «ኬፒ» የሚል ፊደል ከሌለ ደግሞ ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ለምት አልተፈተነም ማለት ነው። እንግዲህ ቆርጦ መጣሉ ከማወቅ ያድናል።

ልኩንም በዓይን ነው። በሜትር መዳፉን ዙሪያውን፣ አውራ ጣቱን ሳይጨምር፣ ከቡጢው አጥንት ላይ ለክቶ ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። የሰፋ ጓንት መዳፍ ውስጥ ይሸበሸብና ጋዝ ሲሰጡ ጓንቱ ዞሮ እጀታው ይቀራል። የጠበበው ደግሞ እጅ ተዘርግቶ ሲሞከር ልክ ይመስላል፣ እጀታ ሲጨብጡበት የጣት ጫፍ ይጫንና ደም ይከለክላል፤ ከባዶ እጅ ያልተናነሰ ይበርዳል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ብቻ የሚሞክረው። ጨብጦ፣ በሁለት ጣት ፍሬን፣ በአውራ ጣት ፍሬቻ እየነካ የሚሞክር ካለ እሱ ከተማ የተማረ ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውንም ማሰሪያ አጥብቆ፣ ጓደኛውን «ጣቶቹን ይዘህ ሳብ» አይልም። ሱቅ ውስጥ የወለቀ ጓንት ሲወድቁም ይወልቃል፤ ግን ቀድሞ ማወቁ ደስታ ያጠፋል።

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጥበብ ይታያል። ዋሻው አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጓንቱ ይረጥባል፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሲደርስ ላብ ይጨመርበታል። በእርጥብ እጅ ሲያወልቁት ገበሩ ከጣት ጋር ተጎልጉሎ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያልተያያዘ ገበር ተመልሶ አይገባም፣ በእስክሪብቶ ቢገፉትም። ሱቅ ውስጥ የጣቱን ገበር በሁለት ጣት ሳብ አድርጎ ማየት ይበቃ ነበር። ያልነው ጀግና ግን ጓንቱን ለማድረቅ ማርሚታ፣ ማለትም የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ላይ ያሰጣዋል። ቆዳው ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ በሁለተኛው ቀን መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። «የቻይና ዕቃ» ይባላል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰርግ አጃቢዎችን ሳናመሰግን ብናልፍ ግፍ ነው። ጥር ሲገባ ያ ዓመቱን ሙሉ ስፖኪዮ ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ያነጣው ጓንት ወርዶ ይጠለቃል። አንድ ጥንድ ለሁለት ሞተረኛ ይከፈላል፤ አንዱ ቀኙን ያጠልቃል፣ ሌላው ግራውን፣ ነጻ የቀረው እጅ ስልክ ይዞ ሙሽሮቹን ይቀርጻል። ማን በየትኛው ጎኑ እንደሚወድቅም አስቀድመው የተነጋገሩ ይመስላሉ።