«ሰፈሬ የት ሄደ?» ለምትሉ የድሬዳዋ ልጆች

ኧረ ተዉ አቦ! ከዋሽንግተንም ከጅዳም ትመጡና አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ፣ ስልክ ደግናችሁ፣ «ሰፈሬን አጠፉብኝ» እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። ትናንት ቆሞ ሳለ ስንት ክረምት መጥታችሁ ሄዳችሁ? ለማስታወሻ እንዲቀር አንድ ግድግዳ ለካችሁ? እዚሁ የቀራችሁትም አትሻሉም። ቤቱ ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው ቆርቆሮና የብረት በር ለመሸጥ ነው የተሯሯጣችሁት።

ውሸቱንም አቁሙ። ያ ሰፈር ገነት አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። በዚያ ኪራይ ጣሪያ መቀየር አይታሰብም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ ለምን ይለስናል? ጭቃው ከሥሩ እርጥበት እየጠጣ ተቦረቦረ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። እሱን ዘላችሁ የጎረቤት ቡና ብቻ አታውሩልን።

የፈረሰውን ቦታ ፈልጋችሁ ማግኘት ከፈለጋችሁ የስልክ ጂፒኤስ ላይ አትተማመኑ። ሜዳ ላይ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል፤ ፎቅ አጠገብ ይብስበታል። የቀበሌ ቤት ፊቱ አራት ሜትር ቢሆን ነው፤ ምልክታችሁ የጎረቤት ማድቤት ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ጉግል ኧርዝን በኮምፒውተር ከፍታችሁ የሰዓቷን ምልክት ብትነኩ የድሮ የሳተላይት ፎቶ ይመጣላችኋል። ግን የተለያየ ዓመት ፎቶ እርስ በርሱ ሜትሮች ይዛነፋል። ስለዚህ ነጥቡን ሳይሆን ርቀቱን ውሰዱ፤ ያውም ካልተነቃነቀ ነገር፣ ከድልድይ ጫፍ፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ማእዘን፣ ከሐዲዱ። የመብራት ምሰሶን እርሱት፤ መንገድ ሲሰፋ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

ገና ላልፈረሰው ሁለት ሰውና ባለ 30 ሜትር መለኪያ ይበቃል። ከሁለት ቋሚ ነገሮች እስከ በሩ ማእዘን ለኩ። ሁለቱ ርቀቶች ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ይገናኛሉ፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ፤ ትክክለኛውን የሚለይላችሁ ሦስተኛ ልኬት ነው። ቋሚዎቹ ከበሩ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ ከተጠጋጉ፣ በጣት የሳታችሁት በክንድ ይመለስባችኋል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መለኪያውን አግድም ወጥሩት እንጂ መሬቱን ተከትላችሁ አታስተኙት።

አሮጌ የጨርቅ መለኪያ ይለጠጣል። እዚህ ላይ ድሬ ታድላለች፤ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማዋን የቆረቆራት የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 1 ሜትር ነው። መለኪያችሁን እሱ ላይ ፈትኑት። በአሮጌ ፎቶም ሐዲዱ ወደ ካሜራው ሲመጣ ከታየ፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ወይም በር ቁመት ያወጣላችኋል። ከኋላ ርቆ ለቆመው ግን አይሠራም፤ የራቀ ነገር አንሶ ነውና የሚታየው።

ፎቶ ስታነሱ በየ10 ሳንቲሙ ቀለም የተቀባ የአንድ ሜትር ዱላ ግድግዳው ላይ አስደግፉ፤ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ዙም አታድርጉ። የድሬ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ነጭ ወረቀት ያደርገዋል፤ ጠዋት አንሱት። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱም የተነሳበት ቀንና ቦታም ይቀራል። የቤቱን ወረቀት «እናቆየው» ብላችሁ ላሚኔት የምታስደርጉም ተዉ። የማሽን ደረሰኝ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ሌላውም ከዚያ ፕላስቲክ በሰላም አይወጣም።

አዛውንቶችን «ስለ ሰፈሩ ይንገሩኝ» ብላችሁ አታድክሙ። «ከናንተ ቀኝ ማን ነበር? ቀጥሎስ?» በሉ። አባባና እማማን ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ድምፁ የጎላው ያሸንፋል፣ ሌላው «እሱ እንዳለው» ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ካርታ ግን ያለው እድር ዘንድ ነው። የእድሩ ለፋፊ ቤት ለቤት ይዞር ስለነበር፣ የመዋጮ መዝገቡ ስሙን በቤቱ ተራ ይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። አባላቱ ኮንዶሚኒየም ሲበታተኑ መዝገቡ በጸሐፊው አልጋ ሥር ቀርቷል፤ ጸሐፊውም ሸምግሏል። ተራውን ሳታዛቡ ከሽፋን እስከ ሽፋን ፎቶ አንሱት፣ ባዶውንም ገጽ ጨምራችሁ። የካሜራውን ፍላሽ አትጠቀሙ፤ በእርሳስ የተጻፈው ያብለጨልጭና ስሙ አይነበብም።