ልደት ነው መውሊድ?

ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጠናል፤ ብርዱ ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ይለቀቅብናል። አንዱ ወዳጃችን ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶታልና፣ "ነገ ልደት አለ፣ እንዳትቀሩ" አለን። ጠቡ ከዚህ ተነሣ።

"አንተ እስላም አይደለህ እንዴ?" አለ ሞባይል ጠጋኙ። "ልደት እኮ የእኛ የገና ነው፤ ያንተ መውሊድ ነው።" ማስረጃው ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ ነው። እሱንም እስከ መጨረሻው አላየውም፤ ካርድ አልቆበት።

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ሲኒ እያለቀለቁ፣ "ወላድ በድባብ ትሂድ!" አሉ።

ጡረታ የወጡት መምህር ቀጠሉ፦ "ግእዙም ዐረብኛውም ሥሩ ወለደ ነው። ልደት ላይ 'ወ' ወደቀች፤ መውሊድ ላይ 'መ' ከፊት ተጨመረች። ልጅ፣ ትውልድ፣ ወላጅ ሁሉም ከዚያው ነው። የቁርአኑ ሱረቱል ኢኽላስ 'አልወለደም፣ አልተወለደም' ሲል በዚሁ ቃል አይደለም እንዴ?"

"ቢሆንም..." አለ ጠጋኙ። ከ'ቢሆንም' ወዲያ ምንም አላገኘም።

"ወላድ በድባብ ትሂድ፤ ጨርሰናል" አሉ እትዬ።

በርግጥ ቃሉ ጠብ ያውቃል። እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ባሉበት ሊቃውንቱ የተፋጠጡት፣ ክርስቶስ ሁለት ልደት (ከአብና ከማርያም) ነው ያለው ሦስት (በመንፈስ ቅዱስም ጭምር) ብለው ነው። የተጣላው ክርስቲያን ከክርስቲያን ነው፤ ሁለት ልደት ረታ። ዱላው ያረፈው ግን የወሎ እስላም ላይም ነው፤ ተጠመቅ ተባለ፣ የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊም ሚካኤል ሆኑ። መውሊድ ይከበር አይከበር የሚለውም እስላሙ ከእስላሙ የሚከራከርበት ነው። እነዚያ ግን መጽሐፍ ገልጠው ነው የተከራከሩት። የእኛው ሰው ካርድ ያልቅበታል!

በዚህ ዘመን ሃይማኖት ያልተሰጠው ነገር የለም። ሰላምታው፣ የልጅ ስሙ፣ ሻሹ ሳይቀር። "እንኳን አደረሰህ" ለማለት እንኳ ሰው ዙሪያውን ያያል። የሰፈር ወግ ፈርሶ ስልክ ላይ የሚጮህ ሁሉ መካሪ ሆነብን። ይኸው ጠጋኝ ራሱ ሦስተኛውን ሲኒ ሲጠብቅ፣ "እትዬ፣ በረካዋስ?" ይላል፤ በረካ የማን ቋንቋ እንደሆነ ቪዲዮው አልደረሰበትም መሰለኝ።

እናቶቻችን ሥጋውን ለይተው፣ ንፍሮውን አብረው የበሉ ናቸው። ግንቦት 1 እናቴ የልደታን ንፍሮ ስትቀቅል፣ ጨዉን ቀምሳ "በቃው" የምትላት እስላሟ ጎረቤታችን ነበረች።