ቅጭል ቢሉ ነውር ነው?

የቴል አቪቭን የባሕር ዳርቻ የብስክሌት መንገድ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም፤ ሰው የቆመበት እሱ ነው። ሰሜን ካለው ወደብ ተነስቶ፣ ባሕሩን በቀኝ እያስከተለ በደቡብ እስካለችው ጥንታዊት ያፎ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። መስመር ተሰምሮለታል፣ ብስክሌትም ተስሎበታል። አጠገቡ ያለው የእግረኛ መንገድ ከእሱ ብዙ ይሰፋል። ግን ፎቶ አንሺው ምን ያድርግ? ሙሽራዋም ባሕሩም አንድ ላይ እንዲገቡለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት አለበት፤ ሁለተኛዋ እርምጃ ደግሞ የምታርፈው የተሳለው ብስክሌት ላይ ነው።

ከመነሳት በፊት ነፋሱን ማየት ይበጃል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚመጣው ከባሕሩ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከያፎ የሚነሳ ሰው ጉልበት ሳለው ወደ ሰሜን ይውጣ፣ ሲመለስ ነፋሱ ይግፋው። ከወደቡ የተነሳ ግን ወደ ያፎ ሲወርድ «አቤት ጉልበቴ!» እያለ ይሄዳል፤ ሲመለስ ነው ጉልበቱ የማን እንደነበር የሚገባው። ወደቡ ጋ ያለው የእንጨት ወለል የአሸዋ ጉብታ እንዲመስል ተብሎ ወጣ ገባ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለወገብ አያምርም። ጠዋት እርጥብ ሲሆን ደግሞ ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ እየነዱ መታጠፍ አያስፈልግም።

ሄልሜትስ? እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ፣ ከተማ ውስጥ በእግሩ እየረገጠ የሚነዳ አዋቂ ባያደርግ አይቀጣም፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ግን ግዴታ ነው። ሐበሻ እናት ዘንድ ሕጉ አልተሻሻለም። የኤሌክትሪኩ ብስክሌት በሕግ 250 ዋት፣ በሰዓትም 25 ኪሎ ሜትር ነው። ምግብ አድራሹ ይህን ያውቃል፤ የፒዛውንም መቀዝቀዝ ያውቃል። ሁለቱን አመዛዝኖ ነው በጆሮ ግንድ ሽው የሚለው።

ዋናው ጣጣ ደወሉ ነው። ደወል ከ10 ሜትር ርቀት፣ አንዴ፣ ቀለል ተደርጎ ይመታል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 10 ሜትር ማለት ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው፤ እግረኛ ሰምቶ፣ ዞሮ፣ ገላምጦ ለመነሳት ይበቃዋል። ከሦስት ሜትር የተመታ ደወል ግን ማስጠንቀቂያነቱ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። የደነገጠ ሰው ይዘልላል፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለው ወደ ብስክሌቱ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ ይብሳል፦ እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ይሉና ይተያያሉ፤ ተለያይቶ መሞት ደስ ስለማይል ሁለቱም ወደ መሃል ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ፍጥነት ቀንሶ በአንዱ ጀርባ በኩል ማለፍ ነው፤ ሰው ወደ ጀርባው እምብዛም አይዘልምና።

ነጠላ ያጣፉ እናት መስመሩ መሃል ቀስ እያሉ ሲሄዱ ግን የ10 ሜትሩ ስሌት አይሠራም። ትልቅ ሰው በቅጭልታ አይነሳም። የደፈረ ይህን ይሰማል፦

«ምነው ልጄ፣ በሬ መሰልኩህ?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! መንገዱ የብስክሌት ስለሆነ ነው።»

«እና እኔ ምን አደረግሁት? ያው ሰፊ መንገድ፣ በዚያ በኩል እለፋ!»

«በዚያ በኩል» ያሉት የእግረኛው ነው፤ እዚያ መንዳት ያስቀጣል። ስለዚህ ወርዶ፣ ብስክሌቱን እየገፉ፣ ጤናቸውን እየጠየቁ አንድ ሃያ ሜትር አብሮ መሄድ ነው። ከዚያ ተመርቆ መውጣት። በዚህ ስሌት ከወደቡ ያፎ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው መንገድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ምርቃት ቢያጋጥም ሰዓቱን ይሞላል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሁለት ሐበሾች በብስክሌት ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው። ሁለቱም እዚያው ፍሬን ይይዛሉ፤ ብስክሌቶቹ መስመሩን አግድም ይዘጉታል። ጉንጭ ይሳሳማሉ። እናት ደህና ናት? አባት? ልጆች? ያቺ ታማ የነበረችውስ? ከኋላቸው ኮርኪኔት (ቆመው የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ስኩተር) የያዘ ጎረምሳ «ኑ!» ይላል። «ኑ» በዕብራይስጥ «ቶሎ በሉ እንጂ» ነው፤ በአማርኛ ግን ግብዣ ስለሚመስል አንደኛው ዞር ብሎ ፈገግ ይላል፣ ሰላምታውም ይቀጥላል።

አሸዋውን መናቅ አይገባም። ወደ ውሃው የሚያስወርዱት መግቢያዎች ጋ ነፋስ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ በስሱ ይነሰንሰዋል፤ ከሩቅ አይታይም። ፍሬን መያዝ ያለበት አሸዋው ሳይደርስ ነው። ከደረሱ በኋላ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ የፊት ፍሬን ሳይነኩ በቀስታ ማለፍ። የፊቱን የያዘ ጎማው ይከዳውና ማትኮት (በእንጨት መምቻ ኳስ የሚቀባበሉበትን የባሕር ዳርቻ ጨዋታ) ከሚጫወቱት ሰዎች እግር ሥር ይገኛል። ኳሷን አቀብል ይሉታል።

ቤት ሲደርሱ ብስክሌቱን በንጹሕ ውሃ በስሱ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ሰንሰለቱን ዘይት መቀባትና የተረፈውን ዘይት መጥረግ ነው። ያልተጠረገ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል፤ አሸዋ የያዘ ሰንሰለት የማርሹን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላል። ያልታጠበው ደግሞ ጨዉ ሰንሰለቱን ያዝገዋል፤ ሲረግጡት «ሲጥ… ሲጥ…» ይላል፣ ከሃያ ሜትር ይሰማል። ታዲያ ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ ባልና ሚስቱም፣ ፎቶ አንሺውም፣ እማማም ሳይቀሩ፣ አንድም ሳይቆጡ ገለል ይሉለታል። እማማ ደግሞ «ምስኪን፣ ብስክሌቱ ታሞበታል» ብለው ነው።